የማጉሜዴ የቅዳሜ ቴአትር

ልብስ ሰፊዋ ማጉሜዴ ቴአትር የሚያዩት እየሰፉ ነው። ስልካቸውን ከስፌት መኪናው አንገት ጋር ያስደግፋሉ፤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እግራቸው መርገጫው ላይ፣ እጃቸው የትምህርት ቤት ጉርድ ላይ፣ ዓይናቸው ጆሃንስበርግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈራቸው የሉቬቬ ሴት ጸጉሯን ትሠራለች፤ ወንዱ ኳስ ሜዳ ወይም ቢራ ቤት ነው፤ እሳቸው ቴአትር ቤት ናቸው። ቴአትር ቤታቸው ከመዳፍ አትሰፋም። መስታወቷ ከላይ በኩል ስለተሰነጠቀ ረጅም ተዋናይ ሁሉ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ይመስላል።

ይህን አመል ያስያዘቻቸው ልጃቸው ዘንዚሌ ናት። ጆሃንስበርግ ውስጥ ከሰባት ጓደኞቿ ጋር ሆና፣ ሥራ ባቆመ ዳቦ ቤት ውስጥ ቴአትር ትሠራለች። መንግሥት አያውቃቸው፣ ድርጅት አይረዳቸው፤ መጋረጃቸው አንሶላ፣ ወንበራቸው ሠላሳ ነው፤ ሠላሳውም የሚሞላው ዘመድ ሲመጣ ነው። ዘመድ ደግሞ በየአገሩ የተበተነ ስለሆነ፣ በየቅዳሜው መድረኩን በካሜራ እየቀረጹ እዚያው በዚያው በኢንተርኔት ይለቁታል። ማጉሜዴ መጀመሪያ የገቡት ለጥበብ ብለው አይደለም፤ ልጃቸው ከስታ እንደሆነ ለማየት ነው። ከስታለች። መክሳቷን ካረጋገጡ በኋላ ግን ስልኩን መዝጋት አቃታቸው፤ ታሪኩ ገና መሃሉ ላይ ነበር።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን የዘንዚሌን ቡድን ብቻ ሳይሆን የሐራሬዎቹንም፣ የደርባኖቹንም ያያሉ። አንድ ጊዜማ ከማፑቶ የመጣ የፖርቹጋልኛ ቴአትር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ። ፊት ለፊት ያሉት የሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው ማቹማ ሳቁባቸው።

«ምን ገብቶሽ ነው እንዲህ ዓይንሽ የቀላው?»

«ሰውየው ዋሽቷታል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ለዚህ ደግሞ ፖርቹጋልኛ ያስፈልጋል?»

ትችታቸው የልብስ ሰፊ ትችት ነው። ንጉሥ ነኝ የሚል ሰው የካባው ኮሌታ ከተንጋደደ አያምኑትም። ባለጸጋ ሆና የምትጫወት ሴት የቀሚሷ ዚፕ ከተከፈተ፣ ያን ሁሉ ሀብት ከየት አመጣችው ብለው ይጠረጥራሉ። ይህ ትችት ቤት ውስጥ እስከቀረ ድረስ ማንንም አልጎዳም። አንድ ቅዳሜ ግን ወጣ።

የዚያን ቀን አንድ ወጣት ተዋናይ የወንድሙ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ዝም ብሏል። ዝምታው ከባድ ነው፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። በዚህ መሃል ከጣሪያው የወረደ የሚመስል የሴት ድምጽ፣ «ኧረ የዚህ ልጅ ሱሪ ዝምዝማቱ ተተርትሯል! እናት የለውም?» አለ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። ሰው ሳቀ። ሬሳውም ሳቀ። ዘንዚሌ በማግስቱ ደውላ ስለ ማይኩ ምልክት አስተማረቻቸው።

«ጥጉ ላይ ያለችው ማይክ ቀይ መስመር ካለባት ተሳደቢ፤ ከሌለባት ጸልዪ። ገባሽ እማ?»

ማጉሜዴ ገባቸው፤ ግን ቅር አላቸው። በልጅነታቸው በሉቬቬ አዳራሽ ያዩት ቴአትር እንዲህ አልነበረም። ተዋናዩ ሕዝቡን ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ይመልሳል፤ መልስ ካልመጣ ተዋናዩ አይቀጥልም ነበር። አንድ ጊዜ «ሌባው የት ገባ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሕዝቡ ከሌባው ወግኖ ዝም ስላለ ግማሽ ሰዓት ቆመው ነበር። ዘንዚሌ ይህን ታሪክ ከእናቷ አፍ ሰምታ ነው ያደገችው።

ከማጉሜዴ በር ጀርባ አንድ ቡኒ ኮት ተሰቅሏል። የባላቸው የዛብሎን ንዲዌኒ ኮት ነው። በየወሩ ያራግፉታል፣ በብሩሽ ያብሱታል፣ ቦታው ይመልሱታል። ሦስተኛው ቁልፍ በጥቁር ክር የተተከለ ነው፤ ዛብሎን ወደ ጆሃንስበርግ ሊሄድ ሲል ቁልፉ ወለቀ፤ ቡኒ ክር አልነበረም፤ ማጉሜዴ በጥቁሩ ሰፉት። እሱ ግን ሙቀት ነው ብሎ ኮቱን ትቶት ሄደ። አውቶቡሱ ላይ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ ከአንድ ወታደር ጋር ተጣልቶ፣ አሸንፎ፣ በዚያው መስኮት እጁን እያወዛወዘ ሄደ። ዘንዚሌ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ምንም አልመጣም።

«ዛብሎንስ?» ለሚላቸው ሰው የማጉሜዴ መልስ አንድ ነው።

«ሥራ ላይ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ዛብሎንን በልቡ ከቀበረው ቆይቷል። የማዕድን ጉድጓድ ተናደበት የሚል አለ፤ ባቡር ነው የሚል አለ፤ ሌላ ሚስት ነው የሚሉ ክፉዎችም አይጠፉም። ማንም ግን በማጉሜዴ ፊት አያነሳውም፤ ሬሳ ያልታየለት ሰው ለቅሶ የሚጀመረው ከቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ኮት እያራገፈ ነው።

ባለፈው ገና ዘንዚሌ መጥታ ነበር። ገንፎውና ጎመኑ ከቀረበ በኋላ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ስለ አባቷ ጀመረች።

«እማ፣ ባባን በቅርንጫፍ እናምጣው።»

በሉቬቬ ደንብ ርቆ የሞተ ሰው መንፈስ ወደ ቤቱ የሚመጣው በቁርቁራ ቅርንጫፍ ነው። ዘመዱ ሄዶ ከሞተበት አገር ይቆርጠዋል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ «ወደ ቤት እንሂድ» ይለዋል። አውቶቡስ ላይ ወንበር ይያዝለታል፤ ወንዝ ሲደረስ «አሁን እየተሻገርን ነው» ይባላል። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ጋር አያወራም። ማጉሜዴ ይህ ለሌላ ሰው ሲደረግ አይተዋል፤ ለጎረቤት አልቅሰውበታል። ለራሳቸው ሲሆን ግን ሳህኑን አነሱ።

«ሰው ሥራ ላይ እያለ በቅርንጫፍ አይጠራም።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ! አባት የለኝም ወይስ አባቴ ይመጣል? አንዱን ንገሪኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አጣሁ።»

«ሥራ ላይ ነው በይ።»

ዘንዚሌ አዲሱን ዓመት ሳትጠብቅ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ቴአትር ብቻ ነው። ማጉሜዴ ይህ እንደሚያንሳቸው ያውቃሉ። ልጃቸው እንደ አባቷ ቀስ በቀስ እየራቀች፣ አንድ ቀን ደግሞ ስልኩም እንደሚቀር ያስባሉ። አስበውም ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ።

አንድ አርብ ማታ ዘንዚሌ ደወለች።

«እማ፣ ነገ አዲስ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብቻሽን እዪው፤ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጊ።»

«ምን አለበት? ትሳሳማላችሁ?»

«የለም።»

«ልብስ ታወልቂያለሽ?»

«እማ!»

«ታዲያ ልብስ ካልወለቀ ምን ያስደብቀኛል?»

«ብቻ ብቻሽን እዪው።»

ማጉሜዴ ትሳሳማለች ብለው ደመደሙ። ስለዚህ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ የሳሎኑን መጋረጃዎች አንድ በአንድ ዘጉ። የጆሮ ማዳመጫው ጆሯቸውን ያሳክካቸዋል። የስልኩ ድምጽ ደግሞ የገንፎ ውሃ ከነካው ወዲህ የትንኝ ያህል ነው። የቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ድምጽ ማጉያ ግን፣ ሌባ ፈርተው እሳቸው ቤት ስለሚያስቀምጡት፣ አልጋው ሥር ነበር። አወጡትና አያያዙት።

ያ ድምጽ ማጉያ ከአንድም የሉቬቬ ቀብር ቀርቶ አያውቅም። ውስጡ የላላ ነገር አለ፤ ሲዘመርበት ጉሮሮው ይንኮሻኮሻል። ሰፈሩ ሳያየው በሳሉ ያውቀዋል። ማጉሜዴ ይህን ማሰብ ነበረባቸው። መጋረጃውንም ማሰብ ነበረባቸው፤ ሉቬቬ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነው። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሁሉ ከመሳሳሙ ላይ ነበር።

መድረኩ ላይ ሁለት የአውቶቡስ ወንበር አለ። ዘንዚሌ አንዱ ላይ ተቀምጣለች። ሌላው ላይ፣ በመስኮት በኩል ባለው፣ ቅጠሉ ያልረገፈ የቁርቁራ ቅርንጫፍ አለ። ቡኒ ኮት ለብሳለች። ማጉሜዴ እንደ ልማዳቸው ኮሌታውን አዩ፤ ደህና ነው። እጅጌውን አዩ፤ ትንሽ ረዝሟል። ቁልፎቹን ቆጠሩ። ሦስተኛው በጥቁር ክር የተተከለ ነው።

እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ።

ወደ በሩ ዞረው አዩ። ኮቱ ቦታው አለ። መድረክ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ልጃቸው አስመስላ ያሠራችው። ያኔ የማን ታሪክ እንደሆነ ገባቸው፤ ጣታቸውንም ወደ ስልኩ ዘረጉ፤ ሊዘጉት። አልዘጉትም። «ባባ፣ ሊምፖፖ ደርሰናል፤ አሁን እየተሻገርን ነው» አለች ዘንዚሌ ለቅርንጫፉ፤ ሌሎቹ ተዋንያን ደግሞ ከኋላዋ የቀብሩን መዝሙር አነሱ። ማጉሜዴ በዚያ መዝሙር አርባ ዓመት ሁለተኛውን ድምጽ ይዘዋል። እሱ ሲጀመር ዝም ማለት በእሳቸው አቅም አይደለም። ተቆጥተው ነበር፤ አፋቸው ግን ዘመረ።

ከማዶ ማቹማ ልብስ እያሰጡ ነበር። መጀመሪያ የድምጽ ማጉያውን ሳል ሰሙ። ቀጥሎ መዝሙሩን። ቀጥሎ የማጉሜዴን ድምጽ። ቀና ብለው መጋረጃዎቹን አዩ። እርጥቡን አንሶላ መሬት ላይ ጥለው፣ ብርድ ልብሳቸውን አንስተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ መዝሙሩን ከመንገዱ ጀምረው እየተቀበሉ ገቡ። እንዲህ ነው ደንቡ። ሰው ከበር ላይ ቆሞ «ማን ሞተ?» አይልም፤ እየዘመረ ይገባል፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ማንም አይጠይቅም።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሴቱ አሥራ ስምንት ደርሷል። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ ባባ ሲዚባ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሁለት ጎረምሳ አስከትለው መጡ፤ ሶፋውን ወደ ማንጎው ዛፍ ሥር፣ ጠረጴዛውን ወደ አጥሩ ጥግ አወጡት። ስፌት መኪናውንም ሊያነሱ ሲሉ ማጉሜዴ እየዘመሩ የጎረምሶቹን እጅ መቱና ስልኩን አንስተው ያዙ። ማቹማ ደግሞ ከመኝታ ቤት ፍራሽ አወጡ፤ ከጥግ አነጠፉት፤ ማጉሜዴን ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ያ ጥግ የባለ ሐዘን ቦታ ነው። ማጉሜዴ ሃያ ሁለት ዓመት የሸሹት ፍራሽ ላይ፣ ስልካቸውን እንደያዙ፣ እየዘመሩ ተቀመጡ።

«ቴአትር ነው» ቢሉ ይበቃ ነበር። ሴቶቹ ይስቁባቸዋል፤ ምናልባት እስከ ፋሲካ ድረስ ይስቁባቸዋል፤ ከዚያ ሶፋው ይመለሳል። ይህን አሰቡ። ግን መዝሙሩ አላለቀም፤ መዝሙር ሳያልቅ አይወራም። ክፍሉን አዩት። ማቹማ እያለቀሱ ነው፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ገና ሳያውቁ።

መዝሙሩ ዳቦ ቤቱ ውስጥና ሉቬቬ ውስጥ እኩል አለቀ። ማቹማ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ።

«ማጉሜዴ፣ እህቴ፤ ማን ነው?»

ማጉሜዴ አፋቸውን ሳይከፍቱ በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ ድምጽ ማጉያው። «ባባን አምጥቼዋለሁ። ወንዙን ተሻግረናል። ክፈቺልን።»

«ዘንዚሌ!» አሉ በሩ አጠገብ ያሉት ሴት፤ ብድግ ብለውም በሩን ከፈቱ። ውጭ ሶፋው ነው ያለው። ባባ ሲዚባ ተቀምጠውበታል፤ እሳቸውም ደንግጠው ተነሱ።

ያኔ ሁሉም ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ዘንዚሌ ግድግዳ በሌለው የእንጨት በር ፊት ቆማለች፤ ቅርንጫፉን አቅፋዋለች። «እማ?» አለች ደግማ። መልስ የለም። ከሠላሳው ወንበር መልስ የለም። ጥጉ ላይ «ተመልካች 9» ይላል፤ ከዘጠኙም መልስ የለም። ማጉሜዴ ይህን ዝምታ ያውቁታል፤ የሉቬቬ አዳራሽ ዝምታ ነው፤ ካልተመለሰ አይቀጥልም። ልጃቸው ትቆማለች። የታችኛው ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አዩት፤ ስምንት ዓመቷ ላይ ልታለቅስ ስትል እንዲህ ያደርጋት ነበር። ይህ ትወና አልነበረም።

ማጉሜዴ በአውራ ጣታቸው ማይኳን ነኩ። ቀይዋ መስመር ጠፋች። ድምጽ ማጉያው አንድ ጊዜ ጮኸ።

«ግቡ» አሉ። «ግቡ ልጄ። ሁለታችሁም ግቡ።»

ጥቂት ቆይቶ ያው ድምጽ ከጆሃንስበርግ ተመልሶ መጣ። ማጉሜዴ የራሳቸውን ድምጽ «ሁለታችሁም ግቡ» ሲል ሰሙት። መድረኩ ላይ ዘንዚሌ በሩን ገፋች፤ ገባች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መብራቱ ጠፋ።

ማቹማ የማጉሜዴን ጉልበት ያዙ።

«ዛብሎን ነው?»

«አዎ። ዛብሎን ነው።»

ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው ነበር፤ ማንም አልደነገጠም። ማንም መቼና የት ብሎ አልጠየቀም። ግን ሴቶቹ ሲያለቅሱ ለይምሰል አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነበራቸው፤ ማልቀሻ ቦታ አጥተው ነው። ማጉሜዴም አለቀሱ። ከዚያ አንዷ ተነስታ የወተት ሻይ ልታፈላ ወጣች፤ ባባ ሲዚባ ማንጎው ሥር እሳት አያያዙ፤ ማቹማ ከበሩ ጀርባ ያለውን ኮት አውርደው አጣጥፈው በማጉሜዴ ጭን ላይ አኖሩት።

ሊመሽ ሲል ስልኩ ጠራ።

«እማ... ተቆጣሽ?»

«ጮክ በይ፤ ሰው አለብኝ።»

«ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው ያየው» አለች ዘንዚሌ። «ለባባ ቀብር ዘጠኝ ሰው።»

«ዘጠኝ ያለው ማን ነው?»

«ጥጉ ላይ ይጽፋል።»

«ጥጉ ምን ያውቃል? እዚህ ሠላሳ አንድ ነን። ወንዶቹን አልቆጠርኩም፤ ውጭ ናቸው።»

ከወዲያ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል።

«ያ ቅርንጫፍ የት ነው?» አሉ ማጉሜዴ።

«የቱ? የመድረኩ? ከዕቃዎቹ ጋር ጥለነው...»

«ከየት ነው የቆረጥሽው?»

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሐዲዱ ዳር ካለ ዛፍ። እማ፣ የቴአትር ዕቃ እኮ ነው።»

«እዚያ አገር የበቀለ ነው አይደለም?»

«ነው።»

«ሂጂና አንሺው። ማክሰኞ አውቶቡስ አለ። መንገድ ላይ ከማንም ጋር እንዳታወሪ፤ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ንገሪው።»

«እሺ እማ።»

ማጉሜዴ ጭናቸው ላይ ባለው ኮት ሦስተኛውን ቁልፍ በጣታቸው ያዙ።

«ደግሞ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ያዢለት። ዛብሎን መሃል መቀመጥ አይወድም።»